ግድግዳችን ምን ይናገራል?

የቤተሰብ ማዕዘን



አንድ የጦር ሰፈር የሚመዘነው በሰልፍ ሜዳው ሥነ ሥርዓትና በመሣሪያው ንጽሕና ብቻ አይደለም። ወታደሩ ከግዳጅ ሲመለስ የሚገባበት ረድፍ ቤት፣ ልጆቹ የሚጫወቱበት ደጅ፣ ባለቤቱ ማለዳ ወረፋ የምትይዝበት የቦኖ ውሃ፣ ሌሊት የታመመ ሕፃን ታቅፋ ወደ ክሊኒክ የምታልፍበት መንገድ ሁሉ የሰፈሩ አካላት ናቸው። በእነዚህ ላይ የሚደርሰው ጥፋት ከጠላት ተኩስ የተለየ ጠባይ አለው፤ ድምፅ የለውም፣ በአንድ ጀምበር አይደርስም፣ አድራጊውም ከሩቅ የመጣ ሳይሆን ከመካከላችን የበቀለ ነው።

ባለፉት ሳምንታት ወደዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በዚሁ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው። የክሊኒኩ የጀርባ ግድግዳ በከሰል ተሞነጫጭሯል። ከቤተሰብ መኖሪያው ወደ ቦኖው በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉት አምፖሎች በድንጋይ ተሰብረዋል። ከቦኖው ቧንቧዎች የአንዱ መክፈቻ ተነቅሎ ተወስዷል። በሽንት ቤት በሮች ላይ ደግሞ ስም እየጠቀሱ የሰውን ክብር የሚያጎድፉ ቃላት ተጽፈዋል። ከጸሐፊዎቹ አንዲት እናት «ይህንን የማጽዳት ኃላፊነት የማን ነው? የእኛ ነው ወይስ የክፍሉ?» ሲሉ ጠይቀዋል። ጥያቄው አጭር ቢሆንም መልሱ አጭር አይደለም፤ ስለሆነም የዛሬውን ዓምዳችንን ሙሉ በሙሉ ለእርሱ ሰጥተነዋል።

ወታደርና ግድግዳ

በግድግዳ ላይ ስምን የመጻፍ ልማድ ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ ለወታደርም እንግዳ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በስድስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የግብፁ ንጉሥ ዳግማዊ ፕሳሜቲኮስ ወደ ኩሽ ምድር ጦር ባዘመተ ጊዜ፣ በቅጥር ያገለግሉ የነበሩ የግሪክ ወታደሮች በአቡ ሲምበል በዳግማዊ ራምሴስ ግዙፍ ሐውልት እግር ላይ ስማቸውን ቀርጸው አልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1799 የጄኔራል ደሴ ክፍለ ጦር ማምሉኮችን እያሳደደ ዐባይን ሽቅብ በወጣ ጊዜ፣ የፈረንሳይ ወታደሮች በፊላይ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የዘመቻቸውን ታሪክ በድንጋይ ቀርጸው ትተዋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1945 በርሊን በተያዘች ጊዜም የሶቪየት ወታደሮች በሪክስታግ ሕንፃ ግድግዳዎች ላይ ስማቸውንና የተወለዱበትን ከተማ በከሰልና በጠመኔ ጽፈዋል።

ከሦስቱ ታሪኮች ለጉዳያችን የሚበጀው የመጨረሻው ነው። የጀርመን ምክር ቤት ወደዚያ ሕንፃ ለመመለስ በወሰነ ጊዜ፣ የዕድሳቱ መሐንዲስ የነበሩት ኖርማን ፎስተር ተሸፍነው የቆዩትን ጽሑፎች አገኟቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 ሥራው ሲጠናቀቅ ከጽሑፎቹ ብዙዎቹ በክብር እንዲቆዩ ተደረገ፤ ጸያፍ የሆኑት ግን ከሩሲያ ኤምባሲ ጋር በተደረገ ስምምነት እንዲጠፉ ተወሰነ። ይህ ውሳኔ አንድ ቁም ነገር ያስተምረናል። በግድግዳ ላይ የሰፈረ ሁሉ በአንድ ሚዛን አይመዘንም። የግድግዳው ባለቤት የሆነው ሕዝብ ተመካክሮ «ይህ ይቆይ፣ ይህ ይጥፋ» ለማለት ሥልጣን አለው፤ አንድ ግለሰብ ግን በሌሊት ተነሥቶ የሁሉንም ግድግዳ የራሱ ለማድረግ ሥልጣን የለውም።

ለምን ችላ አይባልም?

«ከሰል ነው፤ ዝናብ ያጥበዋል» የሚሉ ወገኖች አሉ። የእነዚህ ወገኖች አስተሳሰብ የተሳሳተ መሆኑን ከሚያሳዩ ማስረጃዎች አንዱ በሆላንድ በግሮኒንገን ከተማ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ብስክሌት በሚቆምበት አንድ መተላለፊያ «መጻፍ ክልክል ነው» የሚል ምልክት አቆሙ፤ በየብስክሌቱ መያዣም ቁራጭ የማስታወቂያ ወረቀት አሰሩ። በአቅራቢያው የቆሻሻ መጣያ አልነበረም። ግድግዳው ንጹሕ በነበረበት ጊዜ ወረቀቱን መሬት ላይ የጣሉት ከመቶ 33 ያህል ሰዎች ነበሩ። ግድግዳው በተሞነጫጨረ ጊዜ ግን ቁጥሩ ወደ 69 አሻቀበ። በሌላ ሙከራ ደግሞ ከፖስታ ሣጥን አፍ ላይ ግማሽ አካሉ የወጣና ባለ 5 ዩሮ ኖት በውስጡ የሚታይ ፖስታ አስቀመጡ። ሣጥኑ ንጹሕ ሳለ ፖስታውን የሰረቁት ከመቶ 13 ሲሆኑ፣ ሣጥኑ ሲሞነጫጨር 27 ሆኑ።

እንግዲህ ልብ እንበል። ወረቀቱን የጣሉትና ፖስታውን የወሰዱት ሰዎች ግድግዳውን የሞነጫጨሩት አይደሉም። ከመንገድ የሚያልፉ ተራ ሰዎች ናቸው። ግድግዳው ግን «እዚህ ጠያቂ የለም» ብሎ ነግሯቸዋል። በሰፈራችን የታየውም ቅደም ተከተል ይህንኑ ይመስላል። መጀመሪያ የክሊኒኩ ግድግዳ ተጻፈበት፤ ማንም አላጠፋውም። ቀጥሎ አምፖል ተሰበረ፤ ማንም አልተካውም። ጨለማው ሲመቻች የቧንቧው መክፈቻ ተነቀለ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአበው ብሂል የተነገረው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

የተነቀለው መክፈቻ በዋጋው አነስተኛ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በእርሱ ምክንያት ሌሊቱን ሲፈስ ያደረው ውሃ ለማለዳው ወረፋ አልተረፈም። ሕፃን ያዘሉ እናቶች ባዶ ጀሪካን ይዘው ተመልሰዋል። የተሰበረው አምፖልም መስተዋት ብቻ አይደለም፤ በዚያ መንገድ ሌሊት ብቻዋን የምታልፍ ሴት ደኅንነት ነው። በአገራችን ልዩ ልዩ አካባቢዎች ከከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ ምሰሶዎች ላይ ብረት እየተፈታ በመሰረቁ ምሰሶዎች ወድቀው ከተሞች ጨለማ ውስጥ የገቡበት ጊዜ ብዙ ነው። የሠራዊቱ አባላት እንዲህ ያሉትን ተቋማት በፀሐይና በብርድ ሲጠብቁ ኖረዋል። የሩቁን ምሰሶ የሚጠብቅ ክንድ የደጁን አምፖል መጠበቅ አያቅተውም።

ፈጥኖ ማጽዳት

በዚህ ረገድ የኒው ዮርክ ከተማ የምድር ውስጥ ባቡር ታሪክ ይጠቀሳል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባቡሮቹ ከውስጥም ከውጭም በቀለም ተሸፍነው ነበር። ቅጣትና አጥር ብዙ አልረዱም። እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው ዕቅድ ግን በቀላል ሐሳብ ላይ የቆመ ነበር። ተጠርጎና ታጥቦ አገልግሎት የጀመረ ባቡር ዳግመኛ ከተጻፈበት፣ ጽሑፉ እስኪጠፋ ድረስ መንገደኛ ጭኖ በከተማው እንዳይታይ ተወሰነ። ጸሐፊው የሚደክመው ሥራው እንዲታይለት ነውና፣ ካልታየ ድካሙ ከንቱ ሆነበት። በአምስት ዓመት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 12 ቀን 1989፣ የመጨረሻው የተሞነጫጨረ ባቡር ከአገልግሎት ወጣ።

እርግጥ ነው፣ ከዚህ ዓይነቱ ልምድ ተነሥተው «ትንሽ ጥፋት የሠራን ሁሉ ማሰር ያስፈልጋል» ወደሚል መደምደሚያ የሄዱ ከተሞች ነበሩ፤ ውጤቱም ዛሬ ድረስ ያከራክራል። እኛ የምንወስደው ትምህርት ግን ስለ እስራት ሳይሆን ስለ ጥገና ነው። የተጻፈው በማግሥቱ ይጥፋ፤ የተሰበረው በሳምንቱ ይተካ።

ለሥራው የሚያስፈልገውም ከባድ አይደለም። በኖራ የተቀባ ግድግዳ በከሰል ከተጻፈበት፣ አስቀድሞ በደረቁ በመጥረጊያ ይራገፋል፤ ውሃ ቀድሞ ከነካው የከሰሉ ዱቄት ይበጠበጥና ወደ ግድግዳው ይሠርጋል። ከዚያም የተነፋ ኖራ በውሃ ተበጥብጦ ካደረ በኋላ፣ ግድግዳውን በመጠኑ አርጥቦ በስሱ ሁለት ሦስት ጊዜ መቀባት ነው። አንድ ጊዜ በወፍራሙ የተቀባ ኖራ ሲደርቅ ይፈረካከሳል። ኖራ ዐይንንና ቆዳን ስለሚያቃጥል ሕፃናት ከበርሜሉ ይራቁ። በማርከር ወይም በዘይት ቀለም የተጻፈ ግን በኖራ አይሸፈንም፤ ተመልሶ ይታያል። ስለዚህ ተፍቆ ቦታው በዘይት ቀለም መሸፈን ይኖርበታል። የድንጋይ ሐውልትና የጥንት ሕንፃ ሲሆን ደግሞ የሽቦ ብሩሽ፣ አሲድም ሆነ ኖራ አይነካውም። ለስላሳ ብሩሽና ንጹሕ ውሃ በቂ ካልሆነ የቅርስ ባለሙያ መጥራት እንጂ መፋቅ አይገባም፤ አንዳንድ ጊዜ አጽጂው ከጸሐፊው የባሰ ጉዳት ያደርሳልና።

ስም ማጥፋት

ከሁሉ የከፋው በሽንት ቤት በሮች ላይ የሚጻፈው ነው። ባል በግዳጅ ላይ ሳለ የሚስቱ ስም በበር ላይ ይጻፋል። ስሙ የማይታወቅ እጅ በአንድ ደቂቃ የጻፈውን፣ መቶ አፍ በአንድ ቀን ያዳርሰዋል። አሁን ደግሞ የእጅ ስልክ ተጨምሮበት፣ ፎቶግራፉ ከወሬው ቀድሞ ምሽግ ድረስ ይደርሳል። ዘብ ላይ የቆመ ሰው ልቡ ወደ ቤቱ ሲሸሽ አደጋው ለእርሱ ብቻ አይደለም፤ ከጎኑ ለቆሙት ጓዶቹም ነው። ለሴትዮዋማ ከዚህ የበለጠ ግፍ የለም። ክስ ሳይኖር ተከሳለች፤ የምትሟገተው ከሣሽ ግን የለም።

እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ያየ ሰው ማድረግ የሚገባው ሦስት ነገር ብቻ ነው። ለሚመለከተው አለቃ ወዲያውኑ ያሳውቅ። አለቃው ለምርመራ የሚያስፈልገውን ከያዘ በኋላ ከመንጋቱ በፊት እንዲጠፋ ያድርግ። ከዚያ በኋላ ዝም ይበል። የጽሑፉን ቃል ለሌላ መድገም፣ ፎቶ አንሥቶ ማሰራጨት፣ «እንዲህ ተባለ» ብሎ ለባል ስልክ መደወል፣ ከጸሐፊው እጅ ብዕሩን ተቀብሎ ጽሑፉን እንደ መቀጠል ይቆጠራል። ባልም ቢሆን ስሟን ያልጻፈ ፈሪ ያለውን ከማመኑ በፊት፣ ብቻዋን ልጆቹን ይዛ የቤቱን በር ስትጠብቅ የኖረችውን ባለቤቱን ያስታውስ።

ግድግዳው ሲያቤቱት

አንዳንዱ ጽሑፍ ስድብም ጨዋታም አይደለም፤ አቤቱታ ነው። «ውሃ መቼ ይመጣል?»፣ «የዳቦው ነገርስ?» የሚሉ ጽሑፎች በየጦር ሰፈሩ ይታያሉ። እንዲህ ያለውን ያየ ሹም ኖራ ማዘዙ ተገቢ ነው፤ ኖራውን ቀብቶ ጥያቄውንም አብሮ መቅበሩ ግን ተገቢ አይደለም። ሰው ወደ ግድግዳ የሚሄደው ብዙ ጊዜ ወደ ጽሕፈት ቤት የሚወስደው በር ተዘግቶ ሲያገኘው ነው። ስለዚህ ግድግዳው በኖራ በነጣበት ሳምንት የቤተሰቦች ስብሰባ ተጠርቶ፣ ስለ ውሃውና ስለ ዳቦው ሊደረግ የሚቻለውና የማይቻለው በግልጽ ይነገር። ጥያቄው አፍ ካገኘ ከሰል አይፈልግም።

በሌላ በኩል አቤቱታ ያለውም ሰው ይህን ይወቅ። በክሊኒክ ግድግዳ ላይ የተጻፈ ብሶት የሚያስከፋው ያላደረሰውን አካል ነው። ግድግዳውን የሚያጥቡት የጽዳት ሠራተኛ ውሃውን አላቋረጡም።

የልጆቻችን ጉዳይ

ወላጆች ሆይ፣ ስለ ልጆች ሲነሣ «ልጅ ነው» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» ያለው ሌባ ግን ለእናቱ የነገራት ይህንኑ ነበር። ሕጉም ቢሆን ወላጅን ነጻ አያወጣም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2124፣ አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ለሚያደርሰው ጉዳት አባት በፍትሐ ብሔር ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። የሌላውን ንብረት ሆን ብሎ መጉዳት ደግሞ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያስቀጣል።

ይሁን እንጂ ቅጣት ከመቅደሙ በፊት ጥያቄ ይቅደም። ለዚህ በሰፈራችን የሆነውን አንድ ነገር እንጥቀስ። በግምጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከመሬት ብዙ ባልራቀ ቁመት፣ አንድ ስም በከሰል ተጽፎ ይገኝ ነበር። ይጠፋል፤ ተመልሶ ይጻፋል። በሦስተኛው ጊዜ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ የሆኑት ሃምሳ አለቃ ኖራውን ከማዘዛቸው በፊት አመሻሽ ላይ ቆመው ጠበቁ። የመጣው የዐሥር ዓመት ልጅ ነበር። ከሰሉን በእጁ ይዞ ሲያያቸው ሊሮጥ አልሞከረም።

«ና ልጄ። ይህ የማን ስም ነው?» አሉት።

«የአባቴ ነው፣ ጋሼ።»

ሃምሳ አለቃው ስሙን ያን ጊዜ አስተዋሉት። ከእርሳቸው ጋር ያገለገለ፣ በግዳጅ ላይ የተሠዋ ወታደር ስም ነበር። «ለምን እዚህ ትጽፈዋለህ?» ብለው ሲጠይቁት፣ «እዚህ ዘብ ሲቆም ምሳ አመጣለት ነበር። ሌላ የተጻፈበት ቦታ የለም» ሲል መለሰላቸው።

ሃምሳ አለቃው ልጁን አልገረፉትም፤ ጥፋቱንም አላዩም አላሉም። በማግሥቱ ኖራና ብሩሽ ይዘው ግድግዳውን አብረው ቀቡት። «ግምጃ ቤቱ የሁሉ ነው፤ አባትህም የጠበቀው ለዚህ ነው» አሉት። ከዚያም ጉዳዩን ለክፍሉ አዛዥ አቀረቡ። ዛሬ በቤተሰቦች ክበብ አዳራሽ መግቢያ ላይ ከዚህ ሰፈር ወጥተው ያልተመለሱት የሠራዊቱ አባላት ስም በእንጨት ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ተሰቅሏል። ልጁ የአባቱን ስም ራሱ እንዲጽፍ ተፈቅዶለታል።

ከዚህ የምንረዳው ልጅ ሁሉ እንዲህ ያለ ምክንያት አለው ማለት አይደለም። ከጽሑፎቹ ብዙዎቹ ተራ ዕንቅልፍ ማጣትና ሥራ መፍታት የወለዷቸው ናቸው። ነገር ግን ሳይጠይቁ የሚቀጡ ሰዎች የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ሊያውቁ አይችሉም።

ሥራ ለፈታው እጅም መድኃኒቱ ሥራ ነው። የፊላዴልፊያ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1984 በግድግዳ የሚጽፉ ወጣቶችን ከማሳደድ ጎን ለጎን ሠዓሊዋን ጄን ጎልደንን ቀጥራ ወጣቶቹ የሰፈራቸውን ግድግዳ በሥዕል እንዲያሳምሩ አድርጋለች፤ ሥራው እያደገ ሄዶ ከተማይቱ ዛሬ በግድግዳ ሥዕሎቿ ትታወቃለች። እኛም የመዋዕለ ሕፃናቱን የውጭ አጥር ለልጆች ብንሰጥ፣ አንድ መምህርና ጥቂት ጣሳ ቀለም ብንጨምርበት፣ የክሊኒኩን ግድግዳ እናተርፋለን። ልጅ የገዛ እጁ ሥዕል ያለበትን አጥር ሌላው ሲነካበት ዝም አይልም፤ ያለ ደመወዝ ዘብ ይሆናል።

መልሳችን

ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። የማጽዳት ኃላፊነት የማን ነው? አምፖል፣ መክፈቻና ኖራ ማቅረብ፣ አቤቱታን መስማት፣ ጥፋተኛውን በሥርዓት መጠየቅ የክፍሉ ግዴታ ነው፤ በዚህ ረገድ ክፍሉ ሲዘገይ ቤተሰቦች የመጠየቅ መብት አላቸው። ያዩትን ማሳወቅ፣ ልጅን መምከር፣ በተራ ወጥቶ ብሩሽ መያዝ፣ ስም አጥፊ ወሬን ከደጃፍ መመለስ የቤተሰቡ ግዴታ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ ለአንዲት የጽዳት ሠራተኛ የሳምንት ሸክም የሆነው ግድግዳ፣ ሃያ አባወራና እማወራ ቢወጡበት የአንድ ቅዳሜ ረፋድ ሥራ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ረድፍ ቤት ከመካከሉ አንድ ተጠሪ ይምረጥ። ተጠሪው የተሰበረውንና የተጻፈበትን በደብተር ይመዝግብ፤ የታየበትን ቀንና የተጠገነበትን ቀን ጎን ለጎን ያስፍር። በወሩ መጨረሻ ደብተሩ በቤተሰቦች ስብሰባ ላይ ይነበብ። በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለው ርቀት ሲያጥር ሰፈራችን እየተሻሻለ ነው፤ ሲረዝም ደግሞ ማን እንደ ዘገየ በግልጽ ይታያል፤ ክፍሉም ሆነ ቤተሰቡ።

የመጀመሪያው ምዝገባ ከቦኖው ቧንቧ ይጀምር።